በሰባ ሰባትስ ሆርሞን አልነበረም?

ባለፈው እሁድ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ክርስትና ላይ ነበርኩ። ምሳ ተበልቶ ቡና እየተፈላ ነው። ወሬው እንደተለመደው ከቤት ኪራይ ተነስቶ ወደ ፖለቲካ፣ ከፖለቲካ ወደ ኢንሹራንስ ዞረ። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች በምትሰጠው የጤና መድን፣ በሜዲ-ካል ማለቴ ነው፣ ለውፍረት ለሚታዘዙት መርፌዎች መክፈል አቁማለች። ዌጎቪ፣ ዜፕባውንድ፣ እነዚያን። አንድ የማከብራቸው ጋሼ (ስማቸውን አልጠራም፣ ሌላ ክርስትና ላይ መገናኘታችን አይቀርም) ይሄን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "እሰይ! ለሆዳም ሁሉ በኛ ታክስ ይከፈል እንዴ? አፍ መዝጋት ነዋ!" አሉ። አንዲት ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ የሆርሞን ጉዳይ እኮ ነው" ብትላቸው ሳቁባት።

"በሰባ ሰባቱ ድርቅስ ሆርሞን አልነበረም? እስቲ አንድ ወፍራም አሳዪኝ!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሼ ይሄን ሲሉ ለሦስተኛ ጊዜ ክትፎ እያስጨመሩ ነበር። ደግሞ ቀጭን ናቸው፣ ክር።

እኔ ግን የማየው አክስቴን ነበር። ሳህኗን ከጉልበቷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችና ወንበሯ ስር አስቀመጠችው። ግማሽ እንጀራ ቀርቶበታል። አክስቴ በየሐሙሱ ማታ ሆዷ ላይ መርፌ ትወጋለች። መርፌውን ፍሪጅ ውስጥ ባዶ የበርበሬ ላስቲክ ውስጥ ሸጉጣ ነው የምታስቀምጠው፣ እንግዳ ከፍቶ እንዳያይባት። የስኳር መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ከቅቤው ጎን በግልጽ ይቀመጥ ነበር። (ይሄን ልጽፍ ነው ስላት "ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ" ብላኛለች። አክስት ስል ደግሞ ለመገመት አትድከሙ፣ እኛ ሐበሾች ስንት አክስት እንዳለን ይታወቃል።)

ያን ቀን ዝም አልኩ። ክርስትና ቤት ነው፣ ጋሼም ትልቅ ሰው ናቸው። እዚህ ግን ዝም አልልም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ከሰባ ሰባት በቀር።

ከሰባ ሰባቱ ልጀምር። አዎ ጋሼ፣ በሰባ ሰባት ሆርሞን ነበር። እንዲያውም እንደዚያን ጊዜ ሠርቶ አያውቅም። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን እያመነጨ በደም በኩል ወደ አንጎል ይልካል። መልእክቱ አጭር ነው፤ "ስንቅ አለን" ይላል። ስቡ ሲያልቅ መልእክቱ ይቀንሳል። ያኔ አንጎል ረሃብ ገባ ብሎ አዋጅ ያውጃል። የሴቶች የወር አበባ ይቋረጣል። ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት ይቆጥባል። ሐሳብ ሁሉ ምግብ ይሆናል፣ ሕልም ሳይቀር። በሰባ ሰባት ኮረምና መቀሌ መጠለያ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይሄ ሆርሞን አልቆበት፣ አንጎሉ ሌት ተቀን እየጮኸበት ነበር። ምግብ ስላልነበረ አልወፈረም። በቃ። ሆዱን ስለገዛ አልነበረም የከሳው። እነዚያን ሰዎች አስከሬናቸውን አስነስቶ የዳይት ምሳሌ ማድረግ ለኔ ነውር ነው። ደግሞስ ጋሼ፣ ለውፍረት ያለዎት የመድኃኒት ማዘዣ ረሃብ ከሆነ፣ ለራስ ምታት ምን ሊያዝዙ ነው?

ችግሩ ጋሼ ብቻቸውን አለመሆናቸው ነው። ይሄው ሐሳብ ከረባት አስሮ በየሥልጣን ወንበሩ ተቀምጧል። ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት፣ በ2024 መሆኑ ነው፣ ለሁሉም ሰው በቀን ሦስቴ ጥሩ ምግብ ብንሰጥ ውፍረትና ስኳር በአንድ ሌሊት ይጠፋል የሚል ነገር በቴሌቪዥን ተናግረዋል። በአንድ ሌሊት! የኛ ጋሼ እንኳን ቢያንስ የዓቢይ ጾምን ያህል ጊዜ ይሰጡ ነበር።

አሁን ስለ አይጥ ላውራ። ሰው ስለ ውፍረት አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ይሄን የአይጥ ታሪክ እንዲያነብ በሕግ ቢገደድ ደስ ይለኛል።

ዳግላስ ኮልማን የሚባል ካናዳዊ ሳይንቲስት ነበር። በሜይን ግዛት ባር ሃርበር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ጃክሰን ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የሚሠራው። እዚያ ሁለት ዓይነት እጅግ ወፍራም አይጦች ነበሩ። አንደኛዎቹን ኦቢ፣ ሌሎቹን ዲቢ ይሏቸዋል። ሁለቱም ሲበሉ ውለው ሲበሉ ያድራሉ። ኮልማን ምን አደረገ መሰላችሁ? አይጦቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ጎን ለጎን ሰፋቸው። የአንዱ ደም ወደ ሌላው እንዲሻገር፣ ተጣብቀው እንደተወለዱ መንታዎች።

መጀመሪያ ዲቢውን ከጤነኛ አይጥ ጋር ሰፋው። ጤነኛው መብላት አቆመ። ምግቡ አፍንጫው ስር ተቀምጦለት ተርቦ ሞተ። ሌላ ጊዜ ኦቢውን ከጤነኛ አይጥ ጋር ሰፋው። ያ ጥጋብ የማያውቀው ኦቢ አበላሉን ቀነሰ። በመጨረሻ ሁለቱን ወፍራሞች፣ ኦቢውንና ዲቢውን፣ አንድ ላይ ሰፋቸው። ኦቢው መብላት ተወ፣ ከሳ፣ ሞተ። ዲቢው ግን ጓደኛው ጎኑ ላይ እየሞተ መብላቱን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉልኝ ጋሼ። ያ ኦቢ አይጥ ምን ነካው? ንስሐ ገባ? አባ መከሩት? ትናንት ስግብግብ የነበረ ዛሬ ጨዋ የሆነው የሌላ አይጥ ደም ውስጡ ስለገባ ብቻ ነው። ኮልማን ነገሩ ገባው። ደም ውስጥ የሚሄድ አንድ "ጠግበሃል" የሚል መልእክት አለ። ኦቢው መልእክቱን መላክ አይችልም፣ መስማት ግን ይችላል። ዲቢው መላክ ይችላል፣ እንዲያውም ያበዛዋል፣ መስማት ግን አይችልም። ለዚህ ነው ከዲቢው ጋር የተሰፋ ሁሉ በማያቋርጥ "ጠግበሃል፣ ጠግበሃል" ጩኸት ተርቦ የሚሞተው።

ይሄ ሁሉ የሆነው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብዙ ባለሙያዎች አላመኑትም። ውፍረት የጠባይ ችግር ነው የሚለው ነገር ያኔ በሳይንቲስቱም ቤት ሥር ሰዶ ነበር። ኮልማን መልእክተኛውን ፈልጎ ፈልጎ ሳያገኘው ጡረታ ወጣ። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን ከባልደረቦቹ ጋር ኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኑን አገኘው። ስምንት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሆርሞኑን ሌፕቲን አለው፣ "ቀጭን" ከሚል የግሪክ ቃል ወስዶ። በ2010 ሁለቱ አብረው የላስከርን ሽልማት ወሰዱ። ኮልማን በ2014 አረፈ። ደግነቱ ትክክል መሆኑን አይቶ ነው የሞተው።

"አይጥ አይጥ ነው፣ ሰው ሌላ ነው" የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ሰው እንምጣ።

እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ስቲቨን ኦራሂሊና ሳዳፍ ፋሩቂ የሚባሉ ሁለት ሐኪም ተመራማሪዎች አሉ። በ1997 የእነሱ ቡድን ስለ ሁለት ሕፃናት ጻፈ። ቤተሰቡ ከፓኪስታን የመጣ ነው፣ ሕፃናቱ ዘመዳሞች ናቸው። ልጅቷ በ8 ዓመቷ 86 ኪሎ ነበረች። ልጁ 2 ዓመቱ ነው፣ 29 ኪሎ። ልጅቷ እግሯ ክብደቷን መሸከም አቅቶት በቀዶ ጥገና ተስተካክሎላት ነበር፣ ከእግሯ ላይ ስብም ተመጥጦላታል። ሕፃናቱ ሲወለዱ ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ረሃባቸው አያባራም። ይበላሉ፣ ወዲያው ያለቅሳሉ፣ ሌላ ይጠይቃሉ። ወላጆቻቸው በየሐኪም ቤቱ ምን ይባሉ እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። "አታብሏቸዋ!" ነው የሚባለው። እንደ ጋሼ።

ደማቸው ሲመረመር ሌፕቲን የለም ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ስብ ተሸክመው ስቡ አንዲት ቃል አይልክም። ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? ጂኑ ውስጥ አንድ ፊደል ጎድሏል። አንድ! ከአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት "ሀ" ብትጎድል የሚያስተውል ሰው የለም። እዚህ ግን የሁለት ልጆች ሕይወት ተገለበጠ። አንጎላቸው ስንቅ የለም፣ ረሃብ ገብቷል፣ ልንሞት ነው ብሎ ያምናል። 86 ኪሎ የሆነችው ልጅ በራሷ አንጎል ዘንድ በሰባ ሰባት ኮረም ውስጥ ናት። ጋሼ ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው፣ ያውም እሳቸው ካሰቡት በተቃራኒ።

ከዚያ መርፌው መጣ። የጎደላትን ሌፕቲን በየቀኑ ይወጓት ጀመር። ስትጀምር 9 ዓመቷ ነው፣ 94.4 ኪሎ። በ12 ወር ውስጥ 16.4 ኪሎ ቀነሰች። ማንም አልከለከላትም። ራሷ ነች መብላት ያልፈለገችው፣ በቃ።

ሌላ ልጅ ደግሞ አለ፣ ፎቶው በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ይዞራል። በ3 ዓመቱ 42 ኪሎ ነበር። አንድ የጤፍ ኩንታል ግማሽ ሊሞላ ስምንት ኪሎ ነው የቀረው። ለምርመራ ምግብ ሲቀርብለት በአንድ ማዕድ ከ1100 ካሎሪ በላይ ይበላል፣ ይሄም አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከሚበላው ግማሽ ያህል ነው። ሌፕቲኑን ሲያገኝ ያው ማዕድ ቀርቦለት 180 ካሎሪ ገደማ በልቶ ተወው። በ7 ዓመቱ 32 ኪሎ ሆነ። ቁመቱ ጨምሮ ክብደቱ ቀንሶ ማለት ነው። ሁለተኛውን ፎቶ ስታዩት እንደማንኛውም ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ልጅ ነው።

እኔ ይሄን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ "ሆዳም" የሚለውን ቃል መናገር አቅቶኛል። የ3 ዓመት ልጅ ምን ፈቃድ፣ ምን ጠባይ፣ ምን ኃጢአት አለው? ፈቃዱ ያኔም ያው፣ አሁንም ያው። የተለወጠው ቆዳው ስር የገባችው ጠብታ ናት። አንድ ሰው ይሄን ሁሉ ሰምቶ አሁንም "አፍ መዝጋት ነዋ" ካለ፣ ከሳይንስ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ነገር አለው።

አዎ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። አውቃለሁ፣ አትጻፉልኝ። አብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን አይጎድለውም፣ እንዲያውም ሞልቶ ይፈስሰዋል። ለዚህም ነው አምጀን የተባለው ኩባንያ በ1995 ገና ሲጀምር 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የሌፕቲንን ፈቃድ ገዝቶ፣ ለተራው ውፍረት መድኃኒት ሳይወጣው የቀረው። ብዙው ሰው ወደ ዲቢው አይጥ ይጠጋል። መልእክቱ ይላካል፣ አንጎል በቅጡ አይሰማም። ደግሞ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ፋሩቂና ባልደረቦቿ በ2003 ከልጅነታቸው ጀምሮ እጅግ የወፈሩ 500 ሰዎችን መርምረው ወደ 6 በመቶ የሚሆኑት ላይ የሌፕቲንን መልእክት አንጎል ውስጥ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አንድ ሌላ ጂን ተበላሽቶ አግኝተዋል። እነዚህ የሚታወቁት ናቸው። የቀረውን ሁሉ "ስንፍና" የሚል ታርጋ ለጥፈን የምናልፍበት መብት ማን ሰጠን?

አሁን ደግሞ የጾሙ ነገር። "እኛ እኮ የምንጾም ሕዝብ ነን፣ ሆድን መግዛት ለኛ ማን ሊያስተምረን" የሚል ክርክር ሁሌ ይመጣል። እሺ። አክስቴ የማትጾመው ጾም የለም። ሁዳዴን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ጽጌን ሳይቀር። ሌሊት አረጋውያን እየተንከባከበች፣ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራች ሦስት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች። ፈቃድ በሚዛን ቢመዘን ከጋሼ እጥፍ ነው የሚሆንላት። ፈቃድ ብቻውን ቢያከሳ ኖሮ አክስቴን ነፋስ ይወስዳት ነበር።

ጾም ሰዓቱን ያዘገያል፣ የሚበላውን ይመርጣል። አንጎል ውስጥ ያለውን ሚዛን ግን አይነካም። በ2011 ሜልበርን ላይ 50 ወፍራም ሰዎችን ለ10 ሳምንት እጅግ ጥቂት እያበሉ አከሷቸው። በአማካይ 13.5 ኪሎ ቀነሱ። ጎበዞች! ከዚያ ከአንድ ዓመት በኋላ ደማቸውን መልሰው አዩት። ሌፕቲኑ እንደቀነሰ ነው። ግሬሊን የሚባለው፣ ከጨጓራ የሚመነጨውና ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን፣ እንደጨመረ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ! ሰዎቹ ከመክሳታቸው በፊት ከነበሩት የበለጠ ይርባቸዋል። ክብደቱም እየተመለሰ ነበር። እኛ ይሄን ሰው ስናየው "አቃተው፣ ተመልሶ ወፈረ" እንላለን። አንድ ዓመት ሙሉ ከገዛ ሰውነቱ ጋር ሲታገል ከርሞ።

ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ? ጋሼ በተፈጥሮ የሚጠግቡ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ክትፎ ላይ አንጎላቸው "በቃ" ይላቸዋል፣ ነገ ደግሞ ምሳ ይረሳሉ። ይሄን እንደ በጎ ምግባር ይቆጥሩታል። እኔ ደግሞ ሎተሪ የወጣለት ሰው ስለ ቁጠባ ሲመክር ይመስለኛል።

ዕድል ነው ስል ዝም ብዬ አይደለም። ካናዳ ኬቤክ ውስጥ ክሎድ ቡሻርድ የሚባል ተመራማሪ 12 ጥንድ መንታ ወጣቶችን ወስዶ በቀን 1000 ካሎሪ ትርፍ አበላቸው፣ በጠቅላላው 84 ቀን። ውጤቱ በ1990 ወጣ። ሁሉም ያን ያህሉን ትርፍ ነው የበሉት። አንዱ 4.3 ኪሎ ጨመረ፣ ሌላው 13.3። መንታና መንታው ግን እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። አንድ ዓይነት ማዕድ፣ ሦስት እጥፍ ልዩነት። ጋሼ ያንን ክትፎ በልተው ክር መሆናቸው፣ አክስቴ ግማሽ እንጀራ በልታ ወፍራም መሆኗ እዚህ ጋ ነው ያለው።

"ታዲያ ጂን በ50 ዓመት አይለወጥ፣ ሰው ለምን አሁን ወፈረ?" የሚለው ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ነው፣ አልክድም። የተለወጠው ምግቡ ነው። ኬቨን ሆል የተባለው ተመራማሪ በ2019 ባወጣው ጥናት 20 ሰዎች ፋብሪካ ብዙ የነካካውን ምግብ ሲቀርብላቸው ካልተነካካው ይልቅ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በልተዋል። ግን ዝናቡ ለሁሉም ነው የሚዘንበው፣ የሚያፈሰው ጣሪያው የሳሳው ቤት ነው። "ጣሪያዬ ሳሳ" ያለን ሰው "ዝናብ አትውደድ" ብሎ መምከር ምን ይባላል? ዝናቡንም ማስቆም ከተቻለ ይቁም፣ እኔ አልጠላም። እስከዚያ ግን ቆርቆሮውን አትንጠቁ።

ቆርቆሮው መርፌው ነው። ይሄም ሆርሞን ነው፣ ጂኤልፒ-ዋን ይባላል። ከምግብ በኋላ አንጀታችን የሚያመነጨው ነው። በተፈጥሮ ደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ሳይንቲስቶች ለዓመታት ታግለው፣ መሐል ላይ አንድ መርዛማ የአሜሪካ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ የተገኘ ነገር ሳይቀር ረድቷቸው፣ ሳምንት የሚቆይ አምሳያውን ሠሩ። በ2021 የታተመው ትልቁ የዌጎቪ ሙከራ ላይ በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደት ቀንሷል፣ የውሸት መርፌ የተወጉት 2.4። በ2023 ደግሞ ከ17 ሺህ በላይ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ስኳር ግን የሌለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከባድ የልብና የስትሮክ አደጋን በ20 በመቶ ቀንሷል። ያቅለሸልሻል? ያቅለሸልሻል። ስታቆመው ክብደቱ ይመለሳል? አብዛኛው ይመለሳል። የደም ግፊት ክኒንም ስታቆመው ግፊቱ ይመለሳል። መነጽር ስታወልቅ ዓይንህ መልሶ ይደበዝዛል። መነጽር ማጭበርበር ነው ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ውሳኔው። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በፈረሙት በጀት መሠረት ሜዲ-ካል ለውፍረት ብቻ ሲታዘዝ አይከፍልም። ስኳር ከያዘሽ ግን ይከፍላል። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ወፍራም ሆነሽ ስትመጪ "ሂጂ"። ስኳር ይዞሽ፣ ዓይንሽ ደክሞ፣ እግርሽ ደንዝዞ ስትመጪ "እንኳን ደህና መጣሽ"። ይሄን የጻፈ ሰው ቤቱ ሲቃጠል እሳት አደጋ የሚጠራው ጣሪያው ከወደቀ በኋላ መሆን አለበት። ገንዘብ ተቆጠበ ይላሉ። ምናልባት ለሁለት ዓመት ይቆጠብ ይሆናል። የዳያሊስሱ ሒሳብ ሲመጣ ግን ዛሬ የፈረሙት ሰዎች ወንበሩ ላይ አይኖሩም።

ነገሩ የቆየ ነው። በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው የፌዴራሉ መድን፣ የሜዲኬር፣ የመድኃኒት ሕግ በ2003 ሲወጣ የክብደት መድኃኒቶችን እንዳይከፈልባቸው ከተባሉት ጋር ደመራቸው። ከእነማን ጋር መሰላችሁ? ከፀጉር ማሳደጊያና ከመዋቢያ ጋር። የአክስቴ ጉልበትና ልብ ከራሰ በራነት እኩል ማለት ነው።

"መድኃኒቱ ውድ ነው" ለሚሉት፣ እውነት ነው፣ ውድ ነው። ግን ለምን ውድ ሆነ? የዬል ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ስሌት ኦዜምፒክ በሚባለው የስኳር መርፌ ውስጥ ያለውን መድኃኒት (ዌጎቪ ውስጥ ያለውም ያው ነው) የአንድ ወሩን ከ5 ዶላር ባነሰ ወጪ አምርቶ መሸጥ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የተለጠፈበት ዋጋ ወደ 1000 ዶላር የሚጠጋ ነበር። እንግዲህ ጠብ ያማራችሁ ከሻጩ ጋር ተጣሉ። ካሊፎርኒያን የሚያህል፣ ከ14 ሚሊዮን ሰው በላይ በሜዲ-ካል የሚያሳክም መንግሥት፣ ከኩባንያ ጋር ዋጋ መከራከር አቅቶት ከአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጋር ነው የሚከራከረው? የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

አክስቴ መርፌውን ከጀመረች ሦስት ወር ሲሆናት የነገረችኝን ልጻፍ። ሽንኩርት እየከተፍን ነበር። "አንድ ሬዲዮ ነበር ራሴ ውስጥ" አለችኝ። "ሥራ ላይ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ተኝቼ ሳይቀር። ምን አለ፣ ምን ቀረ፣ ምን ልብላ ይላል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አሁን አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ዝም ብሏል።" ቢላዋዋን አስቀመጠች። "መጥገብ ምን እንደሆነ በ57 ዓመቴ አወቅኩት፣ ልጄ።" ከዚያ በሽንኩርቱ እያመካኘች ዓይኗን ጠረገች።

የክርስትናውን መጨረሻ አልነገርኳችሁም። ሦስተኛው ቡና ተጠጥቶ ልንነሳ ስንል ጋሼ ከወንበሩ ስር ያለውን ሳህን አዩት። "ውይ! አንቺ፣ ምነው ምንም አልበላሽም?" አሉ ደንግጠው። ከልባቸው ነው፣ ደግ ሰው ናቸው። ከራሳቸው ሳህን የተረፈውን ክትፎ በእንጀራ ጠቅልለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ "በሞቴ! አንዴ ብቻ! እምቢ ብትይ እቀየምሻለሁ!" እያሉ ወደ አፏ አመጡት። ሰው ሁሉ ያያል።

አክስቴ ፈገግ ብላ እጃቸውን በእጇ ያዘችው።

"አፌን ዘግቻለሁ፣ ጋሼ" አለቻቸው።